ላልቶና ጠብቆ

መንደራ፣ ክፍል ሦስት፣ የማታ ትምህርት ቤት፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብበት፣
አንድ ቃል ጻፍኩላቸው፣ በተሰነጠቀ ሰሌዳ፣
«ዋች» የሚሉትን ግሥ፣ የፈረንጅ እንግዳ።

«ሲ» ዐይን ሳይታዘዝ በራሱ ሲያይ ነው፣
«ሉክ» ዐይንን አዝዘን ወዲያ ስናዞረው፣
«ዋች» ግን ይዘገያል፤ የሚሄድን ነገር
እስኪያልቅ መከተል፣ ከእሱው ጋራ መኖር፦
ኳስ ሜዳ ላይ ስትሮጥ፣ ወተት ሲገነፍል፣
ከጅሬን ኮረብታ ደመና ሲንከባለል።

ሻምሲያ ጠየቀች፣ ሞባይል ሻጯ ልጅ፦
«ፊልም "ሲ" አይባልም፣ "ዋች" ይባላል እንጅ?»
«አዎ» አልኳት፣ «ለእኛ ግን ሁሉም "አየ" ነው፤
ፊልሙንም አየነው፣ መከራም አየነው፤
ቀምሰንም እናያለን፣ ሞክረንም እናያለን፣
ተጣልተን ስንለያይም፦ "እንተያያለን!"»
ታረቀኝ ባጃጁ ሳቀ፣ ከዚያ ተኛ።
ከሊፋ ግን ጻፈ። የሌሊት ዘበኛ።

በፈረንጅ አራዳ፣ የበርጩማ መደብር
ሲጠብቅ ያድራል፣ ሳይቀመጥ፣ ሲዞር፤
አርባ ሁለት በርጩማ፣ ሦስት ሦስት እግር ያላቸው፣
ለሰው መቀመጫ፣ ለእሱ መቆሚያው ናቸው።

እጁን አነሣ።
«ቲቸር፣ ይቺ የእጄ ሰዓት ስሟ "ዋች" አይደል እንዴ?
እኔንም ሆስፒታል የመጣ ፈረንጅ "ዋችማን" ብሎኛል።
እንግዲህ ዘመዳሞች ነን?»
ሰዓቲቱን አየሁ። ሰባት ከሩብ ትላለች፣ ካቻምና ክረምት ጀምሮ።
«ቆማለች» አልኩት።
«እኔስ? ቆሜ አይደል የማድር?
ዘበኛ ሲቆም ሥራ ላይ ነው ይባላል፣
ሰዓት ሲቆም ለምን ተበላሸ ይባላል?»

ጠመኔዬን ይዤ ጥቂት ዝም አልኩ፤
«ይጠብቃል» ብዬ ከ«ዋች» ጎን ጻፍኩ።
ላልቶ ሲነበብ፣ ገመዱ ይጠብቃል፤
ጠብቆ ሲነበብ፣ ሰውየው ይጠብቃል፤
ሌባ ይሁን እንግዳ የሚጠብቀው
ፊደሉ አይናገርም፣ ደጁ ነው የሚያውቀው።
ፈረንጅ ዘብ መቆምን፣ ሰው መናፈቅን ለያቸው፤
እኛ በአንድ ግሥ፣ በአንድ ካፖርት ሥር አሳደርናቸው።

ሰዓት ሲደርስብኝ «ዋች አውት» ልል ቸኮልኩ፤
«ተጠንቀቅ» ከማለቴ መብራት ጠፋ፤ ተውኩ።
ከሊፋ በጨለማ በራሱ ተርጉሞ
«ደጅ ደጁን እይ» ብሎ ጽፎታል አስቀድሞ።

አብረን ወጣን። አወይቱ ድልድይ ላይ
ወንዙ ሞልቶ ያገሳል፣ ጃንጥላዬ ከላይ።
ጥቂት ቀደምኩት። ከኋላዬ ጮኸ፦
«ዋች አውት!»

እኔ መምህሩ ቆምኩ።
ግሥ ነው፣ አልኩ በልቤ። ትእዛዝ አንቀጽ።
ተሳቢ የለውም።
የኋለኛው ቃል ትርጉሙን ይለውጠዋል፣ በተለይም...
መብራት የሌለው ባጃጅ ጃንጥላዬን ነጥቆኝ አለፈ።

«ከሊፋ! በአማርኛ ብትጮህ፣ በኦሮምኛም ቢሆን፣
እዘል ነበር እኮ!»
«ደጅ ደጁን እይ ነው ያልኩህ፣ ቲቸር።
አንተ እዚህም ሰሌዳ ታያለህ።»

ባጃጁ ራቅ ብሎ ቆመ። ታረቀኝ ነበር፣
ሁለት ቦታ የተሰበረ ጃንጥላ ታቅፎ የሚሮጥ።
«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ወላሂ አላየሁህም!»
«የትኛውን ነው ያላየኸው?» አለው ከሊፋ፣
«"ሲ" ነው ወይስ "ዋች"?»

በሰኔ ፈተና ጠየቅኩ፦ በ«ዋች» ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ሻምሲያ ስለ ፊልም ጻፈች፣ ያለ ስህተት።
ታረቀኝ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ጃንጥላ የተሳለበት።
ከሊፋ በትልልቅ ፊደል፣ እየተጫነ፦
«የእኔ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል።»
እንግሊዝኛው ያነክሳል፣ ሦስት እግር ብቻ አለው፤
ግን አይወድቅም።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።
ክረምቱ ገባ፣ አወይቱ ጎደለ፣ ደግሞ ሞላ፤
ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣
አላረምኩትም።